ቤተኛ ነው

የአንድን ቤት ጠባይ ማወቅ የፈለገ ሰው በሠርጉ ቀን ሳይሆን በሠርጉ ዋዜማ ማታ ይሂድ። በሠርጉ ቀን ሁሉም ለብሷል፣ ሁሉም ተውቧል፣ ሁሉም ይስቃል። ዋዜማው ግን ገበና ነው። ሽንኩርት ይከተፋል፣ ዶሮ ይበለታል፣ የጎደለ ይቆጠራል፣ የተረሳ ይታወሳል፤ በመጨረሻም ከሩቅ አገር የመጣው ዘመድ የት እንደሚያድር ይወሰናል። ይህች ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ በችኮላ፣ በሹክሹክታ፣ ጓዳ በር ላይ ቆሞ የምትሰጥ ናት። ፍራሽ የመቁጠር ጉዳይ ትመስላለች። እኔ ግን በ1988 ዓ.ም. እንዲህ ያለች አንዲት ውሳኔ ሰጥቼ ዛሬም ድረስ ስመላለስባት እኖራለሁ። ጉዳዩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለራሴ በያዝኩት ነበር፤ ነገር ግን ያን ዕለት የተናገርኳትን ቃል፣ አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም አንድ ቀን የተናገሯት ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት በወርኀ ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ታናሽ እህቴን ዳርን። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ የሠርጉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ቤቴ ጉለሌ የምትገኝ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። እድራችን ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ብረት ድስቱን ሰጥቶናል። ከመንዝ የሚመጡ ዘመዶች አምስት እንደሆኑ ተልኮብን ስለነበር የአምስት ሰው መኝታ አሰናድቻለሁ፤ ማለቴ አሰናድቻለሁ ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ስጠብቅ፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ኖሮ ሲመሽ ደረሰ። ወረዱ። አምስት ሳይሆኑ አሥራ አንድ ናቸው። ከጣሪያው ላይ ደግሞ አንድ ሙክት፣ አንድ ጀሪካን አረቄ፣ በቅል የታሸገ ቅቤ፣ አንድ ስልቻ የገብስ ቆሎና በገመድ ጥፍር ተደርጎ የታሰረ ዝተት ወረደ። ዝተት ማለት ለማያውቀው፣ በመንዝ ብርድ ሴቱ ፈትሎ ወንዱ የሚሠራው የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው። ሙክቱን የሚጭን ታክሲ ስላጣን ሁለቱ ጎረምሶች እየነዱት እስከ ጉለሌ በእግራቸው መጡ። እኔም ያን ጊዜ የተሰማኝን ልናገርና ልገላገል፤ ደስታ አልነበረም። በልቤ ስድስት ሰው ነበር የምቆጥረው፤ ሳይነገረኝ የመጣውን ስድስት ሰው።

የጉዞው አለቃ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። እኒህን ሰው ካላስተዋወቅሁ የቀረው ነገር ትርጉም አይኖረውም። ደብረ ብርሃን ለትምህርት ስገባ የቤቴን ኪራይ የከፈሉ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ በገበያተኛ እጅ በሶና ድርቆሽ የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ አገሩ ሁሉ ሲጨነቅ የእኔ ስንቅ አልተቋረጠም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስሰማ ለካ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው፣ በቀረው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ እያረሱ ኖሯል። ይህን ለእኔ የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም።

ቤት እንደ ደረስን ያለው መሳሳም፣ ያለው ‹‹እንዴት ሰነበታችሁ›› መቸስ ይታወቃል። ሴቶቹ የመንገድ አቧራቸውን ሳያራግፉ ነጠላቸውን አደግድገው ሽንኩርቱን ቀረቡ። ጎረምሶቹ የድንኳኑን ካስማ ያጠብቁ ጀመር። አጎቴ ከሙሽራው ወገን ከመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጥግ ይዘው ትውልድ ቆጠሩ። እኛ አዲስ አበቤዎቹ ‹‹ይሄማ ድሮ ቀርቷል›› ብለን የዘለልናትን ሰባት ቤት፣ እሳቸው ያለ ወረቀት፣ ስም በስም፣ ቆጥረው ጨረሱና ‹‹አይነካኩም፤ ይጋቡ›› አሉ። የጥሪ ወረቀቱ ከታተመ ወር ሆኖት ነበር። ሆኖም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሠርጉ ፈቃድ ያላገኘ ሠርግ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሲሆን መኝታ ተነሣ። በቤታችን ለአልጋ የሚበቃ አልጋ አንድ ብቻ ነው። በባለቤቴ በኩል የአክስቷ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩን ያየ ሰው ነው፤ ለሠርጉም በዶላር ረድቶናል። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለችና ‹‹አጎትህ የት ይተኙ?›› አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም መለስኩላት፦

‹‹እሳቸው እኮ ቤተኛ ናቸው። ድንኳኑንም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።››

አልጋው ለአሜሪካው ሆነ። ሴቶቹ ሳሎን መሬት ላይ ተደረደሩ። አጎቴና ጎረምሶቹ ድንኳን ውስጥ፣ አግዳሚ ገጥመው፣ ከእድር ወንበርና ከተንጠለጠለ ሥጋ ጋር አደሩ። እኔ ‹‹ነገ ብዙ ሥራ አለብኝ›› ብዬ ጎረቤት በተለቀቀልኝ አልጋ ላይ ተኛሁ። የእንጦጦ ሥር የጥር ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ ጉለሌ ያደረ ያውቀዋል። ንጋት ላይ ወደ ድንኳኑ ስገባ አጎቴ በርኖሳቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። ዝተቱ ከአጠገባቸው ነው፤ ገመዱ አልተፈታም። ለሙሽሪት የመጣ ስጦታ ነውና አልለበሱትም።

እንግዲህ ‹‹ቤተኛ ነው›› ስላልኳት ቃል እናውጋ።

ቤተኛ የሚለው ቃል በአማርኛችን ካሉት የፍቅር ቃላት አንዱ ነው። በር ሳያንኳኳ የሚገባ፣ ከሌማቱ ራሱ አንሥቶ የሚበላ፣ ገበናችንን ሸሽገን የማንደብቀው ሰው ማለት ነው። ለአንድ ሰው ‹‹አንተ እኮ ቤተኛ ነህ›› ማለት ከቤቴ ድርሻ አለህ ማለት ነው። ግና ይኸው ቃል ሌላ ፊት አለው። ወጥ ሲያንስ ማን ይቅርበት? ቤተኛው። ወንበር ሲጠፋ ማን ይነሣ? ቤተኛው። ፎቶግራፍ ሲነሣ ከዳር ማን ይቁም? ቤተኛው፤ እሱ አይቀየምማ! እንዲህ እያለ ቃሉ ከስጦታነት ወደ ቅናሽ ይወርዳል። ለሚያስፈራን ሰው ሙሉ ዋጋ እንከፍላለን፤ ለሚወደን ሰው እንቀንሳለን። የሚወደን ሰው ፍቅሩን የሚከፍልበት ቦታ ሁልጊዜ በእኛ ችግር ላይ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፤ ዘመድ በሠርግ ዋዜማ ቤታችን ሲመጣ ምንድን ነው? እንግዳ ነው ወይስ ባለቤት?

አባቶቻችን ስለ እንግዳ ያወጡት ሥርዓት ለሁለት ዓይነት ሰው ግልጽ ነው። የመጀመሪያው የእግዜር እንግዳ ነው። መሽቶበት ከደጅ ቆሞ ‹‹የመሸበት መንገደኛ ነኝ›› ይላል፤ ‹‹ቤት ለእንግዳ!›› ይባላል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ካለው ይቀርብለታል፤ ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ አድሮ ይሄዳል። አብርሃም ከድንኳኑ ደጅ ሆኖ ሦስት መንገደኞች ሲያይ ሮጦ የተቀበለው፣ የእግር ውኃ ያቀረበው፣ ጥጃ ያረደው የማያውቃቸውን ሰዎች ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የምትይዘኝ ነገር ጥጃው አይደለም፤ እንግዶቹ ሲበሉ አብርሃም ከዛፉ ሥር አጠገባቸው መቆሙ ነው። በዕድሜ የገፋ፣ ባለ ብዙ ከብት፣ ባለ ብዙ ሎሌ ሰው ቆሞ ያስተናግዳል። ሁለተኛው የጥሪ እንግዳ ነው። የጥሪ ወረቀት ደርሶት፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ለብሶ ይመጣል፤ በክብሩ ልክ ይቀመጣል፤ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል።

የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የእንግዳን ነገር አንሥቷል። ወደ ሰው አገር የሄደ ባዕድ እንደ ጠላት ሊታይ አይገባውም፤ የመጎብኘት መብት አለው፤ ነገር ግን ቤት ገብቶ እንደ ቤተሰብ የመስተናገድ መብት የለውም፤ ለዚህ የተለየ ውል ያስፈልጋል ይላል። ለባዕድ ይሁን እንበል። ጉለሌ በር ላይ በሬውን የሸጠልኝ አጎቴ ቢቆምስ? እሱን በየትኛው አንቀጽ አስገባዋለሁ? ካንት ስለ አጎት አልጻፈም። አባቶቻችንም ቢሆኑ ብዙ አልተናገሩም፤ ያልተናገሩት ጉዳዩ ጥያቄ ስላልነበረ ነው። ዘመድ ሲመጣ የሚገባበት ቤት አንድ ክፍል፣ የሚከበው ምድጃ አንድ ምድጃ ነበር። ጥያቄ የሆነው እኛ አልጋና ሳሎን፣ ጓዳና ድንኳን ለይተን ከኖርን በኋላ ነው።

የዘመድ አስቸጋሪነቱ ሁለቱንም በመሆኑ ላይ ነው። እንግዳ ነው፤ መንገድ ደክሞታል፣ ከተማው አያውቀውም፣ ሽንት ቤቱ ወዴት እንደሆነ እንኳ ሊያሳዩት ይገባል። ባለቤትም ነው፤ ሠርጉ የእሱም ነው፣ ድግሱ ቢያንስ የሚያፍረው እሱም ነው፣ ሽንኩርት እንዳይከትፍ ቢከለክሉት ይቀየማል። በቃና ዘገሊላ ሠርግ ወይን ጠጁ ማለቁን አስተውላ ለልጇ የተናገረችው እመቤታችን እንደነበረች እናውቃለን። ከድግሱ ጌታ ቀድማ የቤቱን ጉድለት ያየች፣ የሰውን ቤት ሐፍረት እንደ ራሷ ሐፍረት የቆጠረች እሷ ነበረች። ቤተኛ ማለት በጎ ፊቱ ይኸ ነው፤ ጉድለትን ከባለቤቱ እኩል የሚያይ ሰው።

እንግዲህ ዘመድን ማስቀየም የሚቻለው በሁለት በኩል ነው። አንዱ የእኔ ነው፤ ባለቤት ነው ብሎ እንግድነቱን መርሳት። ሌላው የአንድ ወዳጄ ነው፤ እንግዳ ነው ብሎ ባለቤትነቱን መርሳት። ይህ ወዳጄ ከእኔ ይልቅ የተሻለ ገቢ ነበረውና፣ ልጁን ሲድር ከጎጃም የመጡ አክስቱን እንዳይጉላሉ ብሎ ጥሩ ፔንሲዮን ክፍል ተከራየላቸው። ነጭ አንሶላ፣ ሙቅ ውኃ፣ ቴሌቪዥን። አሮጊቷ ሌሊቱን ሙሉ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው አደሩ። አንሶላውን እንዳያቆሽሹ ፈሩ፤ መብራቱን ማጥፋት አላወቁም፤ በሩን ከዘጉ በኋላ የሚከፈት አልመሰላቸውም። በማግሥቱ ‹‹ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁና ከቤት አስወጣኸኝ?›› አሉት። ያ ሰው ለዚያ ክፍል የከፈለው ገንዘብ እኔ ለድንኳኑ ካልከፈልኩት እጅግ ይበልጣል። የሁለታችን ስሕተት ግን ወንድምና እህት ነው።

ይህን ስል ፔንሲዮን መከራየት ነውር ነው ማለቴ አይደለም። ጉልበቱን የሚያመው፣ ደረጃ መውጣት የማይችል፣ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚነሣ ሽማግሌ አለ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ መገንባት ከጀመሩት የኮንዶሚኒየም ቤቶች በአንዲቱ ስቱዲዮ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውኃ በፈረቃ እየመጣ፣ አሥራ አንድ ሰው አስተኛ ማለት ፍርድ አይደለም። የከተማ ሰው ጠባብነት እውነተኛ ጠባብነት ነው። ኪራይ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ሥራ ገበታ አለ። ዘመድም ይህን ያውቃል፤ ከሚመስለን በላይ ያውቃል።

ነገር ግን ራሴን ስመረምር ያን ሌሊት ያስጨነቀኝ የቤቴ ጥበት አልነበረም። ለዚህ ማስረጃ አለኝ፤ የቪዲዮ ካሴት ነው። በሠርጉ ጧት ቀራጩ መብራቱን ሲያዘጋጅ አጎቴ በዚያ በጥቁር በርኖሳቸው፣ በላስቲክ ጫማቸው ከፊት ረድፍ ተቀምጠው አየሁ። የሙሽራው ወገኖች እየገቡ ነው፤ የመሥሪያ ቤት አለቃዬም ይመጣል። ሮጬ የራሴን ኮት አመጣሁና ‹‹አባባ፣ ይኼን ይልበሱ፤ ለፎቶው›› አልኳቸው። ምንም ሳይሉ በርኖሳቸውን አወለቁ። በካሴቱ ላይ ሙሽሪት ጉልበታቸውን ስትስም፣ እጃቸውን ለምርቃት ሲያነሡ ይታያል፤ እጅጌው ረዝሞ ጣቶቻቸውን ውጧቸዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የሰው ኮት ደግሞ ሰውን ከራሱ ሠርግ ላይ እንግዳ እንደሚያደርገው ያየሁት በዚያ ካሴት ነው። ያቺን ቦታ ስንመለከት ልጆቼ ይስቃሉ። እኔ ውኃ ልጠጣ ብዬ እነሣለሁ።

በርኖሱ ድሃ ልብስ ሆኖ አይደለም። በመንዝ ብርድ ለሚኖር ሰው የክብር ልብስ ነው። ያፈርኩት በልብሱ አይደለም፤ ልብሱ ስለ እኔ በሚናገረው ነገር ነው። አጎቴ በዚያ ቦታ ተቀምጠው ‹‹ይህ ባለ ከረባት ሰውዬ ከወዴት እንደመጣ ማወቅ ብትፈልጉ እኔን እዩ›› የሚሉ መሰለኝ። ድንኳን ውስጥ ያስተኛኋቸውም ለካ ለዚሁ ነበር። የከተማ ሰው የአገር ቤት ዘመዱን ሲሸሽግ የሚሸሽገው ራሱን ነው። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይላል ተረቱ። እኔ አጎቴን አንደኛ ባደርጋቸው አለቃዬም፣ የሙሽራው ወገንም ተነሥቶ እጅ በነሣቸው ነበር። ዋጋቸውን የቀነስኩት እኔ ነኝ፤ ሌላው የተቀበለው በእኔ ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ ‹‹የሚጸጽትህ ሰውዬው ስላስተማሩህ ነው። በሬ ባይሸጡልህ ኖሮ ድንኳን ማደራቸው ምን ነበረበት?›› ይህ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። ምክንያቱም መልሱ ‹‹ምንም አልነበረበትም›› ከሆነ፣ እንግዳ መቀበል የሱቅ መዝገብ ሆነ ማለት ነው፤ የሰጠ ይተኛል፣ ያልሰጠ ይብረደው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ አልጋውን በዶላር ለረዳን ሰው መስጠቴ ትክክል ነበር ማለት ነው። ሁለቱ እኮ ያው ሒሳብ ናቸው፤ አንዱ በበሬ፣ አንዱ በዶላር።

ቆይቼ የተገነዘብኩት ሁለት ዕዳዎችን መደባለቄን ነው። አንደኛው የምስጋና ዕዳ ነው፤ እሱ የአጎቴ ብቻ ነው። ሌላው የደጅ ዕዳ ነው፤ እሱ ደጄን ረግጦ የገባ ሁሉ ነው። ከአጎቴ ጋር ድንኳን ውስጥ ካደሩት ጎረምሶች አንዱን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ያን ሙክት በእግሩ እየነዳ ከተማውን አቋርጦ የመጣው እሱ ነው። በምስጋና በኩል ምንም ዕዳ አልነበረብኝም። በደጅ በኩል ግን ከአጎቴ እኩል ነበር። ብርድ ልብስ ይኑረው አይኑረው እንኳ አልጠየቅሁም። አጎቴን የበደልኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ እሱን አንድ ጊዜ። ያም ሆኖ አንዱም በደል ነው።

የአሜሪካውስ ሰው? እሱን የበደልኩት አይመስለኝም ነበር። ከሠርጉ በኋላ በመልሱ ዕለት ሲያጫውተኝ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደው ነገረኝ። ከድንኳኑ ሳቅ ይሰማል፤ አንድ ሰው ተረት ያወራል፤ ሌላው ይቀበላል። ‹‹ተነሥቼ ልሄድ ፈልጌ ነበር፤ ግን አልጋ ሰጥታችሁኝ እንዴት ልተወው? ያን ሁሉ ዓመት የናፈቀኝ እኮ እሱ ነበር። መሬት ተኛ ብትሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ማን ጠየቀኝ?›› አለ። እሱን እንግዳ አድርጌ ከቤት አስወጣሁት፤ አጎቴን ቤተኛ አድርጌ ከቤት አስወጣኋቸው። እኔም ጎረቤት ነበርኩ። በሠርጉ ዋዜማ ከቤቱ ውጪ ያላደረ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ስድስት ዓመት አለፈ። በ1994 ዓ.ም. አጎቴ የልጅ ልጃቸውን ሲድሩ መንዝ ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ፣ በእግር ተጉዤ፣ ደክሜ ደረስኩ። ገና ከመሳሳማችን አንዷ አክስቴ ‹‹ና እስቲ ያን የዳስ ቋሚ ያዝ!›› አለችኝ። ኮቴን አውልቄ ያዝኩ። ከዚያ በግ ስንገፍ፣ ከዚያ ውኃ ስንቀዳ መሸ። ማንም ‹‹የአዲስ አበባ እንግዳ ነው›› ብሎ አላስቀመጠኝም። ማታ ግን አንዲት ልጅ ለብ ያለ ውኃ አምጥታ እግሬን ልጠብ አለች። አሻፈረኝ ብል አጎቴ ተቆጡ። ሲመሽ መደቡ ላይ ጀንዲ ተነጥፎ ለእኔ ተለቀቀ። ‹‹እርስዎስ?›› ስላቸው ከመደቡ ሥር መሬቱ ላይ ቁርበታቸውን ዘረጉ። ‹‹እኔ ወርጄ ልተኛ›› ብል እንደገና ተቆጡ። በመጨረሻ ሁለታችንም መሬት ተኛን። ለሚዋደዱ አንድ ቁርበት ያስተኛል ይሉ ነበር የጥንት ሰዎች። መደቡን ሕፃናት ወሰዱት።

ቀን እንደ ባለቤት አሠሩኝ፤ ማታ እንደ እንግዳ አጠቡኝ። ሁለቱን ለመሆን ችግር አልነበረም። እኔ በጉለሌ ያቃተኝን እሳቸው ያለ ምንም ፍልስፍና አደረጉት።

እሳቱ ሊጠፋ ሲል ለስድስት ዓመት የያዝኩትን ነገር ማውጣት ፈለግሁ። ‹‹አባባ፣ ያን ጊዜ በእህቴ ሠርግ፣ ድንኳን ውስጥ...›› አልኩና አቆምኩ።

‹‹ድንኳኑ ምን አለው?›› አሉኝ። ‹‹በእረኝነቴ ስንት ሌሊት ሜዳ አድሬያለሁ።››

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ፣ ‹‹እኔ የገረመኝ አንተ ሳትመጣ መቅረትህ ነው። ቆሎ ይዤ ጠብቄህ ነበር። ይመጣል፣ ስለ አባቱ እናወራለን ብዬ›› አሉ።

ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። እኔም ይቅርታ ማለት አልቻልኩም፤ ይቅርታ የምልበት ነገር እኔ ካሰብኩት ሌላ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ አልጋ ስጸጸት፣ እሳቸው ስለ አልጋ አስበው አያውቁም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ‹‹እንግዳው የት ተኛ?›› የሚለው ጥያቄ ለእኔ ትርጉሙ ቀነሰ። ዋናው ጥያቄ ‹‹ባለቤቱ የት አደረ?›› የሚለው ነው። ባለቤቱ አልጋ ላይ ሆኖ ዘመዱ መሬት ቢተኛ፣ መሬቱ ንቀት ነው። ባለቤቱም አብሮ መሬት ቢወርድ፣ ያው መሬት ዝምድና ነው። ድንኳኑም እንዲሁ፤ እኔ ጋቢዬን ይዤ ብገባ ኖሮ ያ ድንኳን የቤታችን ምርጡ ክፍል ይሆን ነበር። ፔንሲዮኑም እንዲሁ፤ ወዳጄ ከአክስቱ ጋር ሄዶ፣ መብራቱን አሳይቶ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ቢያጫውታቸው ኖሮ ከቤት ተባረርኩ ባላሉ ነበር። ከፍትፍቱ ፊቱ ሲባል ብዙዎቻችን ፈገግታ ማለት ይመስለናል። ፈገግታማ ለአሥራ አንዱም ፈገግ ብዬ ነበር። ፊት ማለት ፊትን ይዞ መገኘት ነው።

‹‹በሠርግ ዋዜማ ባለቤት የሚያርፍበት ጊዜ የታለ? ነገ እኮ አራት መቶ ሰው ይጠብቀዋል!›› የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ያ አራት መቶ ሰው በማግሥቱ በልቶ ይሄዳል። በዋዜማው የመጣው ዘመድ የመጣው ሊበላ አይደለም፤ በልቶ ለመሄድማ በጉን ይዞ ባልመጣ ነበር። የመጣው ልጁ ከቤት ስትወጣ ከቤት ሆኖ ሊያያት ነው። ለአራት መቶው ሰው ብለን እሱን ስንገፋው፣ ለታዛቢው ብለን ባለጉዳዩን መግፋታችን ነው።

አጎቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። የመጨረሻዋን ልጄን የዳርኩት በ2016 ዓ.ም. ጥር ነው። ዘመኑ ተለውጧል፤ ሠርጉ በአዳራሽ፣ ምግቡ በኮንትራት ነው፤ ሽንኩርት የከተፈ ዘመድ የለም። እኔ ግን ከባለቤቴ ጋር ተማክረን የሳሎኑን ዕቃ ወደ ጎረቤት አወጣንና ፍራሽ አነጠፍን፤ የእኛንም ፍራሽ ከመሃል። ከመንዝ ዘጠኝ ሰዎች ሊመጡ ቆርጠው ነበር። ያን ዓመት ግን በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ምክንያት መንገድ እየተከፈተ እየተዘጋ ነበርና ሳይሆንላቸው ቀረ። ዓርብ ማታ ደውለው ‹‹መኪና የለም›› አሉን። ቅዳሜ ማታ በስልክ መረቁ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ አንዱን ምርቃት ሁለት ጊዜ እየደገሙ።

እኔና ባለቤቴ ከዘጠኝ ባዶ ፍራሾች መሃል አደርን። እግራችን ላይ የጣልነው ያን ዝተት ነበር፤ እህቴ ‹‹ከአጎታችን የቀረን ይኸው ነው›› ብላ ለልጄ የሰጠቻት ነው። ሳህን ሙሉ የገብስ ቆሎ ከመሃል አስቀምጠን ነበር። ማንም ሳይነካው ነጋ።

እና አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ወደፊት ሠርግ ካለብዎ፣ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት፣ መንገዱም ከተከፈተለት፣ ያቺን በጓዳ በር ላይ የምትነገር ቃል ከመናገርዎ በፊት ትንሽ ይቆዩ። ‹‹ቤተኛ ነው›› ይበሉ፤ ቃሉ መልካም ቃል ነው። ብቻ ከተናገሩ በኋላ ወደ ጎረቤት አይሂዱ።